ፓይተን ለሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ እዚህ ጅማ ውስጥ ከሄርማታ እስከ ቦሳ ኪቶ «ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ፤ በምን ልጀምር?» የሚል ወጣት በዝቷል። ስለ ምዝገባውና ስለ ሰርተፍኬቱ ብዙ ተብሏል። ተማሪው ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን እንደሚገጥመው ግን የሚነግረው ሰው ያጣል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚያ ነው።

እኛ በከተማችን ፕሮግራሚንግ የምናስተምር ነን። ጀማሪ የሚያቋርጠው ሒሳብ ስለማይችል ወይም እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ ነው የሚባለውን አንቀበለውም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልገው ሒሳብ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያሉት ቁልፍ ቃላትም (የቋንቋው የራሱ የሆኑት) በጠቅላላው 35 ናቸው፤ ለመጀመር ከእነሱ ውስጥ 15 ያህሉ ይበቃሉ። ሰውን የሚያስቆሙት እንቅፋቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ አስቀድሞ ከተነገረ ማንም ያልፋቸዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ከአማርኛ ኪቦርድ፣ ከቁቤ አጻጻፍና ከአገራችን የቁጥር ልማድ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በውጭ አገር የተዘጋጁ መማሪያዎች አያነሷቸውም።

አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። ከዚህ በታች የፓይተንን ትእዛዞች እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናል፤ ፕሪንት (አሳይ)፣ ኢንፑት (ተቀበል)፣ ኢፍ (ከሆነ) እያልን። ኮምፒውተሩ ላይ ግን እነዚህ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ ነው የሚጻፉት። የመጀመሪያው ፊደል በትልቁ ከተጻፈ ፓይተን ፕሪንትን አያውቀውም።

ፓይተንን የሠራው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው። ሥራውን አምስተርዳም በ1989 መጨረሻ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አቀረበው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ የሚሠራበት ትውልድ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ ላይ ቆሟል። ይህን የምናነሳው በየፍላሹ የሚዞሩ አሮጌ መማሪያዎች አሁንም ፓይተን 2ን ስለሚያስተምሩ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በመጽሐፉ ምሳሌዎች ውስጥ ፕሪንት ከሚለው ቀጥሎ ቅንፍ ከሌለ መጽሐፉ ያረጀ ነውና ይተውት። እንዳለ የተገለበጠ ምሳሌ አልሠራ ሲል ተማሪው ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል፤ ጥፋቱ ግን የመጽሐፉ ዕድሜ ነው።

ለጀማሪ ፓይተንን የምንመርጠው በነፃ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። አንድ መስመር ተጽፎ ወዲያው ውጤቱ ይታያል። ሲሳሳቱም የተሳሳቱበትን መስመር ቁጥር ይናገራል። በተጨማሪ ፓይተን 3 ለቫሪያብሎች፣ ማለትም ዋጋ ለሚቀመጥባቸው ቦታዎች፣ በአማርኛ ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ዋጋ = 250 ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ፓይተን ነው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። የትኛው ቃል የቋንቋው፣ የትኛው ደግሞ እሱ ራሱ ያወጣው ስም እንደሆነ ያለ ማብራሪያ በዓይኑ ይለያል።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ፣ መጫኛውን ለማውረድ ብቻ ነው። የዊንዶውሱ መጫኛ ከ30 ሜጋባይት ብዙም የማይርቅ ፋይል ነው፤ አንዱ ካወረደው በፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም መማሩ አይቋረጥም። ከማውረድ በፊት ግን ኮምፒውተሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አይጫንም። ለእሱም ቢሆን ሰርቪስ ፓክ 1 የተባለው የዊንዶውስ 7 ማሻሻያ መኖር አለበት። 3.8 ዛሬ የደኅንነት ማሻሻያ አይወጣለትም፤ ሆኖም ከኢንተርኔት ለተለየ መለማመጃ ማሽን ይበቃል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ64 ቢቱ መጫኛ እንደማይከፈትም ይታወቅ። ከመርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ሱቁ ውስጥ እያለ ቢያይ ይጠቀማል።

በመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም ወደሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) መጨመር የሚል ባዶ ሳጥን አለ፤ ምልክት ቢደረግበት ጥሩ ነው። ተረስቶ ከታለፈ ደግሞ አይደንግጡ። ችግሩ የሚታየው በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ፓይተንን በስሙ ሲጠሩት ነው፤ ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይላል፣ ወይም የማይክሮሶፍትን መደብር ይከፍታል። ጀማሪ በዚያ መስኮት መሥራት የለበትም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚጫን አይድል የሚባል መጻፊያ አለ፤ ከስታርት ሜኑ ይከፈታል፣ ፓዝም አይፈልግም። ጥቁሩ መስኮት ላይ የአማርኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ የመታየት ልማድም አለው፤ አይድል ላይ ግን በደንብ ይነበባል። ሌላው ጥሩ ምርጫ በኢስቶኒያ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የተሠራው ቶኒ ነው። ፓይተንን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስኬደ በየቫሪያብሉ ውስጥ ያለውን ዋጋም ያሳያል። ለአስተማሪ ይህ ወደር የለውም።

አይድል ሲከፈት የሚመጣው መስኮት የጻፉበትን ወዲያው የሚመልስ ነው፤ ለሙከራ እንጂ ለፕሮግራም አይሆንም። ፋይል ከሚለው ሜኑ አዲስ ፋይል ከፍቶ፣ ጽፎ፣ አስቀምጦ በኤፍ 5 ቁልፍ ማስኬድ ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን በዴስክቶፕ የሚሠራ ተማሪ በየአምስት መስመሩ ኮንትሮልና ኤስ ይጫን፤ አይድል በራሱ አያስቀምጥም። ሌላም አደጋ አለ። ፋይሉ የፓይተን አካል የሆነ ነገር ስም ከተሰጠው፣ ለምሳሌ ተርትል (ኤሊ) በሚባለው የፓይተን ሥዕል መሣያ የሚለማመድ ልጅ ፋይሉንም ተርትል ብሎ ካስቀመጠው፣ ተርትል ይምጣልኝ ሲል ፓይተን መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነውና የልጁን የራሱን ፋይል ያመጣለታል። ከዚያ ምንም አይሠራም፤ የሚወጣው የስህተት መልእክትም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ለጀማሪ ግልጽ አያደርግለትም። ስሙን መቀየር ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ኪቦርዱ እንምጣ፤ አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነውና። ተማሪው የቫሪያብሉን ስም በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ ይቀጥላል። ለኮለን የሚጫነው ቁልፍ ሁለት ነጥብ (፡) ያወጣል፣ ለኮማ የሚጫነው ነጠላ ሰረዝ (፣) ያወጣል። በዓይን ሲታይ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ለፓይተን ግን ፈጽሞ የማያውቃቸው ምልክቶች ናቸው። አዳዲሶቹ የፓይተን ስሪቶች ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ብለው ምልክቱን ራሱንና የዩኒኮድ ቁጥሩን (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ያለውን መለያ) ይጠቅሳሉ፤ ለሁለት ነጥብ 1361፣ ለአራት ነጥብ 1362፣ ለነጠላ ሰረዝ 1363። በ13 የሚጀምር እንዲህ ያለ ቁጥር ከታየ ጥፋቱ የአማርኛ ምልክት ነው፤ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። መፍትሔው ስሙን ብቻ በአማርኛ፣ ምልክቱንና ቁጥሩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መጻፍ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ በአንድነት ሲጫኑ ኪቦርዱ ይቀየራል፤ ይህን ጣት ሳይታሰብ እስኪያደርገው ድረስ መለማመድ ከማንኛውም ትምህርት ይቅደም። ጥቅስም እንደዚሁ ነው። ከወርድ ወይም ከቴሌግራም የተገለበጠ ኮድ የጎበጡ ጥቅሶችን ይዞ ይመጣል፤ ፓይተን የሚቀበለው ቀጥ ያሉትን ብቻ ነው። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ወደ አይድል ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ምልክት ይሆናል፤ ያንን ከማስተካከል እንደገና መጻፍ ይቀላል።

ስም ሲወጣ የሞክሼ ፊደሎች ነገር አለ። በንባብ ዓመትና አመት አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ላይ በዐይኑ ዓ ጽፎ ታች በአልፋው አ የጻፈ ተማሪ ኔም ኤረር ይመጣበታል፤ የማውቀው ስም አይደለም ማለት ነው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሥራና ስራም እንደዚያው። ለአንድ ፕሮግራም አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት ግድ ነው። ይኸው ነገር ስም በፊደል ተራ ሲደረደርም ብቅ ይላል። ፓይተን የሚደረድረው በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ነው፤ ያም የሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ሀብታሙ፣ ለማ፣ ሐሰን ብሎ ያወጣል። ሐሰንን ከሀብታሙ አጠገብ የጠበቀ አስተማሪ የስም ዝርዝሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን የታዘዘውን ነው ያደረገው።

በቁቤ ስም ማውጣት የሚፈልጉ ልጆች ጅማ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ሊበረታቱም ይገባል። እነሱ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ሁድሃ፣ በቃል መካከል የምትገባው (') ምልክት፣ ነው። ያቺ ትንሽ ጭረት በቫሪያብል ስም ውስጥ አትገባም፤ ፓይተን የጥቅስ መክፈቻ አድርጎ ያያታልና። በጥቅስ ውስጥ በሚጻፍ ቃል ላይም፣ ዙሪያውን ነጠላ ጥቅስ ከተደረገ፣ ሁድሃዋ ጋ ሲደርስ ጥቅሱ የተዘጋ ይመስለዋል። ዙሪያውን ሁልጊዜ በድርብ ጥቅስ ማድረግ ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል።

በፓይተን ውስጥ አሳይ = ፕሪንት የሚል አንድ መስመር ከላይ ቢጻፍ ከዚያ በኋላ አሳይ("ጅማ") ማለት ይሠራል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፣ ፋንክሽንም (እንደ ፕሪንት በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ) እንደ ማንኛውም ነገር ስም ሊወጣለት እንደሚችል ይረዱበታል። ከአንድ ቀን በላይ እንዲቆይ ግን አንመክርም። ነገ የሚያነቡት የሌላ ሰው ኮድ በፕሪንት ነው የሚጻፈው።

ቁጥር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች የበለጠ አሳሳቢ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ምንም የስህተት መልእክት ሳያወጡ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉና። ዋናው 12,500 ብሎ በኮማ መጻፍ ነው። ፓይተን ይህን አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ አያነበውም፤ 12 እና 500 የሚባሉ የተጣመሩ ሁለት ቁጥሮች ያደርገዋል። በቫሪያብል ተቀምጦ በ2 ቢባዛ 25000 ሳይሆን 12፣ 500፣ 12፣ 500 ይወጣል። 12500 ተብሎ በአንድነት፣ ወይም ለዓይን እንዲቀል 12_500 ተብሎ ከታች ሰረዝ ጋር ይጻፍ። በዜሮ የሚጀምር ሙሉ ቁጥርም አይቻልም። የጅማን የስልክ ኮድ 047ን ወይም በ09 የሚጀምር ሞባይል እንደ ቁጥር የጻፈ ሲንታክስ ኤረር ያገኛል። ስልክ ቁጥር አይደመርም አይባዛም፤ ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። የግዕዝ አኃዝም ለሒሳብ አይሆንም፤ ፩ን ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ሲባል ፓይተን ቫልዩ ኤረር ይላል።

ኢንፑት ከተጠቃሚው የሚቀበለው ነገር ሁሉ፣ ቁጥርም ቢሆን፣ ጽሑፍ ነው። 17 እና 3 ተቀብሎ የደመረ 20 ሳይሆን 173 ያገኛል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ተቀጣጥለዋልና። ኢንት በሚባለው ፋንክሽን ወደ ሙሉ ቁጥር፣ ነጥብ ካለው ደግሞ በፍሎት መቀየር ያስፈልጋል። ገንዘብ ላይ ፍሎት መጠቀም ግን አይበጅም። 0.1 + 0.2 ቢሰጠው 0.30000000000000004 ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚይዘው በሁለት ቤት ስለሆነ አንድ አሥረኛን በትክክል መያዝ አይችልም፤ አንድ ሦስተኛን እኛ በአሥር ቤት ጽፈን እንደማንጨርሰው ነው። ብሩን በ100 አባዝቶ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ማስላትና ሲታተም ብቻ መመለስ ጥሩ ልማድ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተምር አንድ መልመጃ እንስጥ። የቡና አገር ሰው ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ያውቃል። 230 ኪሎ ቡና ስንት ፈረሱላ ከስንት ኪሎ ይሆናል?

ኪሎ = 230
ፈረሱላ = ኪሎ // 17
ቀሪ = ኪሎ % 17
ፕሪንት(ፈረሱላ, ቀሪ)

መልሱ 13 ፈረሱላ ከ9 ኪሎ ነው። ድርቡ የማካፈያ ጭረት ሙሉውን፣ የፐርሰንት ምልክቱ ደግሞ ቀሪውን ይሰጣል። አንዱን ጭረት ብቻ የተጠቀመ 13.529 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ያገኛል፤ በሚዛን ቤት ያንን የሚጠይቅ የለም። ፕሮግራሙ ከሠራ በኋላ ትምህርቱ ይጀምራል። በ0፣ በ16፣ በ17፣ በ18 ይሞከር፤ ስህተት የሚደበቀው ድንበር ላይ ነውና። 230.5 ሲሰጠው 13.0 እና 9.5 ይላል፤ አንዱ ነጥብ ካለው ሁሉም ወደ ነጥብ ይሄዳል። ከዜሮ በታች 5 ሲሰጠው ደግሞ ከዜሮ በታች 1 ፈረሱላ ከ12 ኪሎ ብሎ ይመልሳል። ለፓይተን ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ለነጋዴ ግን ትርጉም የለውም። ኪሎው ከዜሮ በታች ከሆነ አልቀበልም የሚል ኢፍ መጨመር እንዳለበት ተማሪው በዚህ ጊዜ ራሱ ይደርስበታል።

ቀጥሎ ዘመን መቁጠሪያችን አለ፤ ለኢፍና ለሊስት (ለዝርዝር) ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከቀረ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ ካልሆነ 5።

ኢፍ ዓመት % 4 == 3:
    ጳጉሜ = 6
ኤልስ:
    ጳጉሜ = 5

ከላዩ ዓመት = 2015 የሚል መስመር አስገብቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ነበረች፤ ቀጣዩ 2019 ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይሰበራሉ። አንዱ እኩል ይሆናል ምልክቱ ነው፤ ነጠላው ዋጋ ማስቀመጫ፣ ድርቡ ማወዳደሪያ ነው። ሁለተኛው ከሁኔታው በኋላ የሚመጣው ኮለን ነው፤ ይረሳል፣ ወይም ሁለት ነጥብ ይሆናል። ሦስተኛው ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች በቅንፍ የሚለየውን ፓይተን በመስመሩ መጀመሪያ ባለው ባዶ ቦታ ነው የሚለየው፤ አራት ስፔስ የተለመደው ነው። አንዱን መስመር በታብ ሌላውን በስፔስ ያስገባ ተማሪ በዓይኑ እኩል ሆኖ እያየው ኮምፒውተሩ አይስማማም።

ዘመነ ወንጌላውያንም በዚሁ ቀሪ ይገኛል፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ሊስት በፓይተን የሚቆጠረው ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ ዮሐንስን ፊት ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ወንጌላውያን = ["ዮሐንስ", "ማቴዎስ", "ማርቆስ", "ሉቃስ"]
ፕሪንት(ወንጌላውያን[ዓመት % 4])

ለ2018 ማርቆስ ይላል። ከዜሮ መቁጠር ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሁልጊዜ አለ፤ ይህን ሁለት መስመር ካየ በኋላ አይጠይቅም። ወሮቻችን 13 ናቸውና ሉፕ (ትእዛዝን መደጋገሚያ) ሲማሩም እነሱን መቁጠር ይጠቅማል። ተከታታይ ቁጥር የሚያወጣው ሬንጅ(1, 13) እስከ 12 ብቻ ነው የሚሄደው፤ የመጨረሻውን ቁጥር አይጨምርም። ጳጉሜ ከዝርዝሩ ስትጎድል የጅማ ልጅ ወዲያው ያያታል፤ በ12 ወር የተዘጋጀ የውጭ ምሳሌ ላይ ግን የጎደለውን ላያስተውል ይችላል። 14 ሲባል ይስተካከላል።

ዋይል የሚባለው ሌላው ሉፕ ማቆሚያው ካልተቀየረ ለዘላለም ይዞራል። ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሏቸው ከሶኬት የሚነቅሉ አሉ፤ ኮንትሮልና ሲ በአንድነት መጫን ያቆመዋል።

ከዚያ ፋንክሽን ይመጣል፤ የፈረሱላውን ስሌት አንድ ስም ሰጥቶ በየቦታው መጥራት ማለት ነው። ጀማሪ የሚደናገረው ፕሪንትና ሪተርን ላይ ነው። ፕሪንት ለሰው ዓይን ያሳያል፤ ሪተርን ውጤቱን ለፕሮግራሙ ይመልሳል። ፋንክሽኑ ያተመው ብቻ ከሆነ፣ በውጤቱ ላይ ሌላ ስሌት ለመሥራት ሲሞከር ፓይተን ነን ይላል፤ ምንም የለም ማለት ነው፤ ታይፕ ኤረርም ይከተላል። ያየሁት ቁጥር የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ከዚህ ነው የሚመጣው።

የስህተት መልእክት ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መሰጠት አለበት፤ ብዙ አስተማሪዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ቀዩ ጽሑፍ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ይነበብ። የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነት ይናገራል፣ ከሱ በላይ ያለው ደግሞ የመስመሩን ቁጥር። የተጠቆመው መስመር ምንም ጥፋት ከሌለበት አንድ መስመር ወደ ላይ ይታይ፤ በተለይ በቆዩት የፓይተን ስሪቶች ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ቀጣዩ መስመር ላይ ነው። አምስት ስሞችን ማወቅ ይበቃል። ሲንታክስ ኤረር አጻጻፉ ተበላሽቷል፣ ኢንዴንቴሽን ኤረር ወደ ውስጥ መግባቱ ተዛብቷል፣ ኔም ኤረር ስሙን አላውቀውም፣ ታይፕ ኤረር ጽሑፍና ቁጥር ተቀላቅሏል፣ ቫልዩ ኤረር ዓይነቱ ልክ ሆኖ ይዘቱ አይሆንም። አስተማሪው ሆን ብሎ አምስቱንም የያዘ ፕሮግራም ሰጥቶ ቢያስጠግን ተማሪው ቀይ ጽሑፍ መፍራቱን ያቆማል።

አማርኛ ጽሑፍ በፋይል ማስቀመጥ ሲጀመር አንድ የዊንዶውስ ወጥመድ ይጠብቃል። ፋይሉ ሲከፈት የፊደሉ አቀማመጥ ኢንኮዲንግ = "ዩቲኤፍ-8" ተብሎ ካልተነገረው ዊንዶውስ በራሱ የቆየ ኮድ ሊጽፍ ይሞክርና ፊደላችንን አላውቅም ብሎ ቻርማፕ የሚል ቃል ያለበት ስህተት ያወጣል። ሲጻፍም ሲነበብም መነገር አለበት። በዚህ አቀማመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ጅማ የሚለው ቃል ርዝመቱ 2 ሆኖ ፋይሉ ውስጥ 6 ባይት ነው። ግራ እንዳይገባቸው ይነገራቸው።

ኮምፒውተር የሌለው በአንድሮይድ ስልክ ፓይድሮይድ 3ን ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይችላል። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ስለሚያደርግ ይህን ራስ-ሰር ማስተካከያ መዝጋት ያስፈልጋል። ለኢፍና ለሉፕ ስልክ ይበቃል፤ ረዘም ላለ ሥራ ግን ጣትም ዓይንም ይደክማል።

የጊዜ ሐሳብ ለሚጠይቁን፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ8 ሳምንት፣ በጠቅላላው 36 ሰዓት እንመክራለን። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ሉፕና ፋንክሽን ላይ ይዋል። በአንድ ኮምፒውተር ከሁለት ሰው በላይ አይቀመጥ፤ ሦስተኛው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ኮድ መገልበጥና መለጠፍ በመጀመሪያው ወር ይከልከል። በጣቱ ጽፎ ያልተሳሳተ ስህተቱን ማንበብ አይለምድም። ከሰሌዳ ላይ ኮድ እየቀዱ በደብተር ማጥናት ደግሞ ፈጽሞ ቢቀር እንወዳለን።

በመጨረሻ ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለን። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ አጭር የፓይተን መልመጃ፣ ከአሥር መስመር ላልበለጠ፣ ትንሽ ቦታ ብትሰጡ መልመጃዎቹን እኛ በነፃ እናዘጋጃለን። ቦታው ከተፈቀደ የገጽ አቀናባሪው አራት ነገር እንዲጠብቅልን እንለምናለን። ኮዱ ፊደሎቹ እኩል ስፋት ባላቸው ፎንት ይታተም፤ በመስመሩ መጀመሪያ ያለው አራት ስፔስ እንዳይጠፋ፣ ረጅም መስመርም በዓምዱ ጠርዝ ላይ ተሰብሮ ወደ ታች እንዳይወርድ፤ ቀጥ ያሉት ጥቅሶችም በማቀናበሪያው ሶፍትዌር ወደ ጎበጡ እንዳይለወጡ። ከመታተሙ በፊት የተቀናበረውን ገጽ ብትልኩልን እያንዳንዱን መስመር ከገጹ ላይ እያየን በኮምፒውተር ጽፈን፣ አስኬደን፣ በዚያው ቀን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ፕሮግራሚንግ አስተማሪዎች
ጅማ